ስለ መረብ አጠባበቅና ስለ ድር ምሳሌ
(በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ዋዜማ የተነገረ)



«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ምሳሌ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ብዙ ሰው ሲሰማው የሸረሪትን ድር ያስባል፤ ለእኔ ግን ምሳሌው ከሸማኔ ቤት የወጣ ይመስለኛል። ሸማኔ ድር የሚለው በቁመት የሚዘረጋውን ፈትል ነውና፤ በአግድም የሚገባው ማግ ይባላል። ድር ብቻውን ጎን ለጎን ተዘርግቶ ይኖራል እንጂ እርስ በርሱ አይያያዝም። ስለዚህ የምሳሌው ክብደት «ቢያብር» በምትለው ቃል ላይ ነው።

ፈትል ከፈትል ጋራ የሚያብርበት ሌላው ሥራ መረብ ነው፤ ይኸውም በቋጠሮ ነው። በጌታችን ዘመን የገሊላ አጥማጆች መረባቸውን ከተልባ እግር ፈትል ይሠሩት ነበር። የተልባ እግር ጽኑ ነው፤ ነገር ግን እርጥብ ሆኖ ተጠቅልሎ ከሰነበተ ይበሰብሳል። ስለዚህ ሌሊቱን ሲያጠምዱ ያደሩ ሰዎች፥ ምንም ቢደክሙ፥ ጧት መረቡን ከጭቃና ከሣር ያጥቡታል፤ በፀሐይ ያሰጡታል፤ የተበጠሰውንም ዓይን እንደ ገና ይቋጥሩታል። ነቢዩ ሕዝቅኤልም በምዕራፍ 47 መረብ የሚሰጣበትን ስፍራ ያነሣል። (የዛሬው የናይሎን መረብ እንደዚያ አይበሰብስም፤ በውኃ ውስጥ የጠፋ እንደ ሆነ ግን ያለ ጌታ ዓሣ ሲገድል ይኖራል።)

ሉቃስ በምዕራፍ 5 አጥማጆቹ ከታንኳ ወርደው መረባቸውን ሲያጥቡ እንደ ተገኙ ይነግረናል። አስተውሉ፤ በዚያች ሌሊት አንድ ዓሣ እንኳ አልያዙም ነበር፤ ያጠቡት ባዶውን መረብ ነው።

ማቴዎስም በምዕራፍ 4 የዘብዴዎስን ልጆች ከአባታቸው ጋራ መረብ ሲያበጁ ያሳየናል። ይህ ማበጀት በጽርዕ ቋንቋ «ካታርቲዞ» ይባላል፤ ቅዱስ ጳውሎስ በገላትያ ምዕራፍ 6 የተሳሳተውን ወንድም በየዋህነት ስለ ማቅናት ሲጽፍ የተናገረበት ቃል ያው ነው። እኔ ይህን ባወቅሁ ጊዜ ደነገጥሁ።

የደነገጥሁበትም ምክንያት ይህ ነው። ባለፈው ዓመት በሰንበቴያችን ስለ ገንዘብ በተነሣው ክርክር ሁለት ሽማግሌዎች ማኅበሩን ትተው ሄደዋል። የእኔም አፍ በዚያ ነገር ክፉ ቃል ተናግሮአል። ለዚህ በዓል ድንኳን ስንተክል፥ ከበሮ ስናስጠግን፥ አንድ ቀን እንኳ ደጃቸውን አልመታንም። ነገ ከቅዳሴ በኋላ እሄዳለሁ፤ ከአባቶች አንዱ መስቀሉን ይዞ አብሮኝ ቢመጣ እወዳለሁ።