ድረ ገጾች እርስ በርሳቸው እንዴት ይግባባሉ?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



ርእሴ ለሽማግሌ ጆሮ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ወደዚህ ነገር የመራኝ የኮምፒዩተር ፍቅር ሳይሆን የተወለድሁበት ቀን ነውና ከዚያው ልጀምር።

እኔ የተወለድሁት ጳጉሜን 6 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። አገሩ ሁሉ በማግስቱ የሚገባውን አዲሱን ሺሕ ዓመት ለመቀበል ሲሰናዳ እናቴ ምጥ ላይ ነበረች። ጳጉሜን 6 በ4 ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የምትመጣ ቀን ስለሆነች፥ ጓደኞቼ «አንተ ገና የ4 ዓመት ልጅ ነህ» እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔም አብሬ እሥቃለሁ።

ባለፈው ዓመት ግን ሣቁ ቀረ። ለአንድ የነፃ ትምህርት ዕድል በድረ ገጽ ላይ ቅጽ ስሞላ፥ ወር የሚመረጥበት ቦታ ከመስከረም እስከ ነሐሴ 12 ወሮች ብቻ ነበሩበት። ጳጉሜን የለችም! አጠገቤ የነበረ ሰው «ምን ቸገረህ፥ ነሐሴ 30 በለው» አለኝና እንዲሁ አደረግሁ። ያ ድረ ገጽ የሞላሁትን ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ሲያስተላልፍ 30/12/1999 ብሎ ላከው፤ ነሐሴ 12ኛው ወር ነውና። ተቀባዩ ደግሞ ቍጥሩን እንደ ፈረንጆች ዲሴምበር 30 ቀን 1999 ብሎ አነበበው። የ17 ዓመቱ ልጅ በአንድ ጊዜ የ25 ዓመት ጎልማሳ ሆንሁ ማለት ነው። ማመልከቻዬም «ዕድሜው ከተወሰነው በላይ ነው» ተብሎ ተመለሰ። የልደት ምስክር ወረቀቴን ይዤ ስመላለስ ቀኑ አለፈ። አባቴ አንዳች ሳይናገር ወረቀቱን አጥፎ በሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠው።

ይህን የምናገረው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ፥ ሁለት ድረ ገጾች ሲገናኙ ለመሆኑ ምን ይባባላሉ እያልሁ መጠየቅና ማንበብ ጀመርሁ።

ሰው 1999 የሚል ቍጥር ቢያይና ቢጠራጠር «በማን አቆጣጠር?» ብሎ ይጠይቃል። ማሽን አይጠይቅም። ስለዚህ እያንዳንዱ መረጃ ምን እንደሆነ የሚናገር ምልክት ተለጥፎበት መሄድ አለበት፤ ይህ ስም ነው፥ ይህ የአባት ስም ነው፥ ይህ የትውልድ ቀን ነው እየተባለ። የራሳችንን የባቲን ነገር እንኳ ተመልከቱ። እኛ ባቲ ስንል ከተማችን ናት፤ ለማሲንቆ ተጫዋች ግን ባቲ እንደ ትዝታ፥ እንደ አምባሰልና እንደ አንቺ ሆዬ አንድ የዜማ ቅኝት ነው። ማሽኑ የትኛው እንደሆነ በምን ያውቃል? በ2012 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተከፈተው ዊኪዳታ የሚባለው የእውቀት መዝገብ ለዚህ መድኃኒት አለው፤ ለእያንዳንዱ ነገር የራሱን መለያ ቍጥር ይሰጣል፤ ስማቸው አንድ የሆነ ነገሮችም አይደባለቁም።

ሁለተኛው ችግር የብዛት ነው። በሰኞ ገበያችን አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ከቆላ ይመጣል፤ ኦሮሞውና አማራው እህሉን ይዞ ከደጋ ይወርዳል። ቋንቋ ለማያገናኛቸው ደላላ ያገናኛቸዋል። 10 ድረ ገጾች ግን ለየጥንዳቸው ደላላ ያስፈልጋቸዋል ብንል 45 ደላላ እናቆማለን፤ ቍጥሩን ራሳችሁ ልታሰሉት ትችላላችሁ። ሁሉም አንድ የጋራ ስምምነት ቢማሩ ግን 10 ትምህርት ይበቃል። አባቶቻችን በጠገራ ብር ሲገበያዩ በላዩ ያለችውን ንግሥት ማን እንደሆነች ብዙዎቹ አያውቁም ነበር፤ መልኳና 1780 የሚለው ዓመት ግን በቆላም በደጋም አንድ ነበሩ። እንዲህ ያለውን የጋራ ስምምነት ሊቃውንቱ ስታንዳርድ ይሉታል።

የድረ ገጽ ስታንዳርድ ደግሞ ባለቤት የሌለው መሆኑ ደስ ያሰኛል። ቲም በርነርስ ሊ በ1989 ሴርን በሚባለው የምርምር ተቋም ሳለ ሐሳቡን አቀረበ፤ ተቋሙም ሚያዝያ 30 ቀን 1993 እንደ ፈረንጆች ሥራውን ለማንም ያለ ዋጋ ለቀቀው። የኛ ፊደልም በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። (አሁንም 1999! ይህኛው የፈረንጅ ነው፤ ምልክት ሳልለጥፍ ባልፈው እናንተም እንደዚያ ማሽን በተሳሳታችሁ ነበር።) ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፊደሉን በየራሱ ቍጥር ይመዘግብ ስለ ነበረ፥ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ጳጉሜን ልመለስ። ድረ ገጾች የቀን መቍጠሪያ የሚለዋወጡበት አይካሌንደር የሚባል ስምምነት አለ። በ2015 እንደ ፈረንጆች አር ኤፍ ሲ 7529 የሚል ቍጥር ያለው ጽሑፍ ወጥቶ፥ ይህ ስምምነት ሌሎችን የዘመን አቆጣጠሮች እንዲቀበል አደረገ። ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊያነበው ይችላል። እኔም አነበብሁትና በውስጡ ካሉት ምሳሌዎች አንዱ ላይ ስደርስ ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ምሳሌው የኢትዮጵያ አቆጣጠር ሆኖ ወሩ 13 ተብሎ ተጽፎአል! ለካስ እኔ ማመልከቻዬ ተመልሶብኝ ሳዝን፥ ጳጉሜን በዓለም ስምምነት ውስጥ ከገባች ዓመታት አልፈዋል። የጐደለው ስምምነቱ አልነበረም፤ ቅጹን የሠራው ሰው ስምምነቱን አልከፈተውም። በዚህ ላይ እኔ ለዘብ ብዬ መናገር አልችልም። የራሳችንን ወር ፈረንጅ ሲያስታውሰው እኛ በራሳችን ቋንቋ በሠራነው ቅጽ ላይ መርሳታችን ያሳፍራል።

አሠራሩም ከባድ አይደለም። ለሰው ዓይን ጳጉሜን 6 ቀን 1999 ብሎ ማሳየት፤ ወደ ሌላ ድረ ገጽ ሲላክ ግን ዓመቱን አስቀድሞ፥ ወሩንና ቀኑን አስከትሎ በዓለም አቀፉ ሥርዓት 2007-09-11 ብሎ መጻፍ ነው። ይህን ሥርዓት የሚያውቅ ማሽን ቀኑንና ወሩን አያደባልቅም።

በዚህ ዓመት እኔና ጓደኞቼ በመምህራችን እርዳታ ለትምህርት ቤታችን አንዲት ትንሽ የተማሮች መመዝገቢያ ሠርተናል። ወሮችዋ 13 ናቸው። ስትፈተን የመጀመሪያውን ስም ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ጳጉሜን 6 ቀን 1999 ብዬ ስጽፍ ወዲያው 2007-09-11 ብላ መለሰችልኝ። እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። ጥቂት ዝም ብላ ከተመለከተችው በኋላ «ሰዓቱንስ አትጠይቅም? ሊነጋ ሲል ነበር እኮ» አለችኝ።

የሰዓቱን ነገር ገና እየሠራንበት ነው።