ለቦርሳ የምትሆን ትንሽ ሽጉጥ
(በማኅበራችን ወርኃዊ የቡና ስብሰባ ላይ በሦስት አባላት ስም የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርእስ እንደ ሌላው ጊዜ ስለ ቤት ግዢ ወይም ስለ ልጆች ትምህርት አይደለም። ስለ ሽጉጥ ነው። ርእሱ ሲነገር ያማተባችሁ እንዳላችሁ አይተናል። አንዲት እናታችንማ «ይሄ ደግሞ የሴቶች ማኅበር ወሬ ነው?» ብለውናል። እውነት አላቸው፤ እኛም ባናነሳው በወደድን ነበር። ነገር ግን ካለፈው ዓመት ወዲህ በስልክ ደጋግመው ከሚጠይቁን ነገሮች አንዱ ይኸው ሆኗል፦ «ለቦርሳ የምትሆን፣ ቀለል ያለች ትንሽ ሽጉጥ የትኛዋ ናት?» የሚጠይቁንም ያለ ምክንያት አይደለም። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ የፓርኪንጉን ሒሳብ ዘግታ ብቻዋን ወደ መኪናዋ የምትሄድ አለች። ሌሊቱን ነዳጅ ማደያ ቆማ የምታድር አለች። አዛውንት ለመንከባከብ በማታውቀው ሰፈር ገብታ የምትወጣ አለች። እነሱን «ተዪው፣ እግዚአብሔር ይጠብቅሻል» ብሎ ስልኩን መዝጋት ይቀላል። እኛ ግን ሦስታችን ተመካክረን ሄደን ተማርን።

ያወቅነውን ከመንገራችን በፊት ጥፋታችንን እንናገር፤ ከመማራችን በፊት ምክር ሰጥተናልና።

አሌክሳንድሪያ የምትኖር አንዲት እህታችን ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ፓርኪንግ ትሠራለች። አንድ ሌሊት ሁለት ልጆች ቢላዋ አሳይተው ስልኳንና የዕለቱን ገቢ ወሰዱባት። ሰውነቷን አልነኩትም፤ እሷ ግን ለሳምንታት እንቅልፍ አጣች። ስትጠይቀን «ለሴት እጅ ትንሿ ትሻላለች» አልናት። ከየት አመጣነው? ከየትም። ትንሽ እግር ትንሽ ጫማ እንደሚያደርግ ሁሉ ለትንሽ እጅም ትንሽ ሽጉጥ ይስማማዋል ብለን ነው። ሄዳ ከሁሉም የምታንሰውን ገዛች፤ 270 ግራም ገደማ የምትመዝን፣ መዳፍ ውስጥ የምትሸፈን፣ ባለ 380 ጥይት ሩገር ኤልሲፒ። አንድ ቀን ተኩስ መለማመጃ ሄዳ ስድስት ጥይት ተኮሰች። እጇን አመማት፣ ኢላማውን አንዱም አልነካውም፤ ተመልሳ አልሄደችም። ማቀባበሉም ከበዳት። ስለዚህ ወንድሟ አቀባብሎ ሰጣት፣ እሷም እንዲሁ ጥይት እንደ ጎረሰች ከቁልፍና ከሊፕስቲክ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት።

ከወራት በኋላ ለቅሶ ቤት ተገናኘን። ለቅሶ ቤት ቦርሳ የት እንደሚቀመጥ ታውቃላችሁ፤ መኝታ ቤት ውስጥ አልጋ ላይ ከካፖርት ጋር ይከመራል። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ማስቲካ ፍለጋ ገባ። «መጫወቻ አገኘሁ!» እያለ ይዞት ሲመጣ መጀመሪያ ያየችው ከእኛ አንዷ ናት። ጣቱ የት ላይ እንደነበረ ዛሬም አልጠፋትም። አልተኮሰም። ምላጯ ለልጁ ጣት ከብዳው ይሆናል። የልጁ እናት ያን ቀን የተናገረችንን እዚህ አንደግመውም፤ የተገባን ነበር።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በዲሴምበር 2014 በአይዳሆ ግዛት አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን ሱቅ ውስጥ ከእናቱ ቦርሳ ሽጉጥ አውጥቶ እናቱን ገድሏል። ሴትየዋ ፈቃድ ያላት፣ መሣሪያ የለመደች ነበረች። ቦርሳውም ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ ለሽጉጥ የተለየ ኪስ ያለው ነበር።

እንግዲህ ወደ ተማርነው እንመለስ። አሰልጣኛችን ሴት ናት። የመጀመሪያውን ቀን ያለፈው ግማሹ አንድም ጥይት ሳይተኮስ ነው፤ ሁሉም ሽጉጥ ጥይት እንደ ጎረሰ ይቆጠራል፣ አፈሙዙ ወደ ሰው አይዞርም፣ ዓይን ኢላማው ላይ እስኪያርፍ ጣት ወደ ምላጩ አይገባም። ይህን እየደጋገመች ስታስጠናን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች መሰልን። እኛ ያደግነው ምንሽርና ዲሞትፎር ከአባት አልጋ ራስጌ በሚሰቀልበት ቤት ነው። ወንዱ ይወለውለው ነበር፣ ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ ይተኩስበት ነበር፤ ሴት ልጅ ግን ስታልፍ እንዳትነካው ነው የሚነገራት። ስለ መሣሪያ የምናውቀው ፍርሃቱንና ፉከራውን ብቻ መሆኑ የገባን እዚያ ቆመን ነው።

ከዚያ ትንሿን ሽጉጥ አነሳን። አሰልጣኛችን ሳቀችና «ይቺ ለጀማሪ አይደለችም፣ የቆየ ተኳሽ የሚይዛት ናት» አለችን። ምክንያቱን ስታስረዳን ሙቀጫ ትዝ አለን። ከባዱ ሙቀጫ ስትወቅጪበት ከቦታው አይነቃነቅም፤ ቀላሉ ግን በእያንዳንዱ ምት ይዘላል። ሽጉጥም እንደዚያው ነው። ከአፈሙዙ የሚወጣው ያው ጥይት ነው፤ መሣሪያው በቀለለ መጠን ምቱ ወደ እጅ ይመጣል። እጀታዋ አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣት የምትይዘው አጥታ አየር ላይ ትቀራለች። የፊቱና የኋላው ማነጣጠሪያ ስለሚቀራረቡ ትንሽ የእጅ መናወጥ ኢላማው ጋ ሲደርስ ትልቅ ስሕተት ይሆናል። ትንሽ መሆኗ የሚጠቅመው ለመደበቅ ብቻ ነው፤ ለመተኮስ አይጠቅምም። እኛ እህታችንን ስንመክር ሁለቱን ለየብቻ አላየናቸውም።

ሻጮች ለሴት ቶሎ የሚያወጡት ሌላው ዓይነት አጭር ሪቮልቨር ነው፤ ለምሳሌ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642። 410 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ አምስት ጥይት ይይዛል። ማቀባበል የለበትም፣ ይህ በእውነቱ ደግ ነገር ነው። ምላጩን ለመሳብ ግን ወደ 5 ኪሎ የሚጠጋ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጣት እየታገለ አፈሙዙ ወደ ጎን ይሄዳል። ከሦስታችን ሁለታችን በሦስት ሜትር ርቀት ወረቀቱን ስተነዋል። ሦስተኛዋ መታችው፤ እሷም ዕድል ነው ትላለች።

ታዲያ የትኛው? የተሟላ መልስ አንሰጥም፣ የሞከርነውን እንናገራለን። መጀመሪያ የተማርነው በባለ 22 ጥይት ሽጉጥ ነው። ድምፁም ምቱም ትንሽ ስለሆነ ሰው ሳይደነግጥ ይማርበታል። ጀማሪን ከዚህ ውጪ የሚያስጀምር አሰልጣኝ ካጋጠማችሁ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎ ደግሞ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ኢዚ የሚባለውን ባለ 380 ሞከርን። በ2018 የወጣ ነው፤ ወደ 525 ግራም ይመዝናል፣ ካዝናው ስምንት ጥይት ይይዛል። የተሠራው ጉልበት ለሌለው እጅ ታስቦ ነው። ከእኛ መካከል የ61 ዓመቷ ጣቶቿን ቁርጥማት ይዟታል፤ ሌሎቹን ማቀባበል አቅቷት ይህንን በመጀመሪያው ሙከራ አቀባበለችው። እጀታውን አጥብቀው ካልጨበጡት ደግሞ አይተኩስም። ለጀማሪ፣ በተለይ ለደከመ እጅ፣ መጀመሪያ እንድትሞክሩት የምንመክረው ይህንን ነው። ጉዳቱ ባለ 380 ጥይት ብዙውን ጊዜ ከ9 ሚሊ መወደዱ ነው፤ ጥይት ሲወደድ ልምምድ ይቀንሳል።

እጇ ጠንከር ያለች እህት ሲግ ሳወር ፒ 365ን ወይም ግሎክ 43ኤክስን ትሞክር። ሁለቱም ባለ 9 ሚሊ ናቸው፣ ቀጭን ናቸው፣ ካዝናቸው አሥር ጥይት ይይዛል። ሁለተኛው እጀታው ረዘም ስለሚል ትንሿ ጣትም ቦታ ታገኛለች። ማንኛውንም ከመግዛታችሁ በፊት ግን ተከራይታችሁ ተኩሱ። ብዙ መለማመጃዎች ያከራያሉ። ጫማ ሳይለካ አይገዛም። ሮዝ ቀለም የተቀባውን «ይሄ ለእናንተ ነው» ለሚላችሁ ሻጭም ጀርባችሁን ስጡት።

ስለ ማቀባበል አንድ ዘዴ እንንገራችሁ፤ ይህን ባወቅን ኖሮ እህታችን በወንድሟ እጅ ባልተማመነች ነበር። ሁላችንም የላይኛውን ብረት በሁለት ጣት ቆንጥጠን ወደ ኋላ ልንጎትት ነበር የምንታገለው። እንደዚያ አይደለም። አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳደረጋችሁ፣ ጣታችሁ ከምላጩ ውጪ እንደሆነ፣ ሽጉጡን ወደ ደረታችሁ አቅርቡት፤ የላይኛውን ብረት በሙሉ መዳፍ ያዙና አጥብቁ፤ ከዚያ እጀታውን በሌላው እጅ ወደ ፊት ግፉት። ሊጥ የሚያቦካ ክንድ ያላት ሴት ይህ አያቅታትም።

አያያዙን በተመለከተ፣ ቦርሳ አይሆንም ብለን ቆርጠናል። ቦርሳ ይነጠቃል፣ ይረሳል፣ አልጋ ላይ ይከመራል። ሽጉጥ የሚያዝ ከሆነ ከሰውነት ጋር በታሰረ፣ ምላጩን ሙሉ በሙሉ በሚሸፍን ጠንካራ አፎት ውስጥ ነው። ይህ ለእኛ አለባበስ አይመችም፤ በሐበሻ ቀሚስ ላይ ቀበቶ የት ይታሰራል? መልሱ አጭር ነው፦ በሐበሻ ቀሚስ ቀን ሽጉጡ ቤት ተቆልፎበት ይቀራል።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። ሕግ ይለወጣልና ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ። በቨርጂኒያ ደብቆ ለመያዝ ዕድሜ 21 የሞላ፣ በአካል የተሰጠ ሥልጠና የወሰደና ከሚኖርበት ካውንቲ ወይም ከተማ ፍርድ ቤት ፈቃድ ያገኘ መሆን አለበት። ይህ የቨርጂኒያ ፈቃድ ግን ሜሪላንድም ዋሽንግተንም አይሠራም። የዊልሰንን ድልድይ ወይም የ14ኛውን መንገድ ድልድይ በተሻገርሽ ደቂቃ ወንጀለኛ ነሽ። ሁለቱም ለየራሳቸው ፈቃድ 16 ሰዓት ትምህርት ይጠይቃሉ፤ ዋሽንግተን በዚያ ላይ ሁለት ሰዓት የተኩስ ልምምድ ትጨምራለች። ኡበርና ሊፍት የምትነዱም ሁለቱ ድርጅቶች ሹፌሮቻቸው መሣሪያ እንዳይዙ እንደሚከለክሉ እወቁ።

ይህን ስንሰማ ያቺ እህታችን ትዝ አለችን። የተዘረፈችው ዋሽንግተን ነው። የምትፈራው ያንን ፓርኪንግ ነው። ሽጉጧን በሕግ መያዝ የምትችለው ግን አሌክሳንድሪያ፣ እምብዛም በማትፈራበት ሰፈሯ ነው። ከእኛ አንዳችንም መጀመሪያ «የት ልትይዢው ነው?» ብለን አልጠየቅናትም።

ወረቀትን በተመለከተም በማኅበረሰባችን የተለመደ አንድ ነገር አለ፤ «አንቺ ወረቀት አለሽ፣ ገንዘቡን ልስጥሽና ግዢልኝ» የሚባለው። ለስልክ መስመር ይሆን ይሆናል። ሽጉጥ ሲገዛ የሚሞላው ፎርም 4473 ትክክለኛው ገዢ አንቺ መሆንሽን ይጠይቃል፤ ለሌላ ሰው ደብቆ መግዛት ከ2022 ሕግ ወዲህ እስከ 15 ዓመት ያሳስራል። ግሪን ካርድ ያላት ራሷ መግዛት ትችላለች። በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያላችሁ በአብዛኛው አይፈቀድላችሁም፤ ጉዳያችሁ ገና በመታየት ላይ ያለ ደግሞ ጠበቃችሁን ሳትጠይቁ መሣሪያ እንዳትነኩ።

«አትግዢ» ያልናቸውም አሉ። ባሏ እጁን የሚያነሳባት እህት መጥታ ነበር። እሷ የምትፈራው ሰው የቤቱ ቁልፍ አለው፣ ሽጉጡ የት እንዳለም ያውቃል። እሷን ወደ ጠበቃና ወደ መጠለያ ነው የወሰድናት። ልጇ ክፍሉን ዘግቶ መዋል የጀመረባት እናትም ነበረች። በዚህ አገር በመሣሪያ ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላይ የሚሞተው በራሱ እጅ ነው። እንዲህ ያለ ሐዘን በገባበት ቤት ሽጉጥ አይገባም፤ ካለም ከቤት ይውጣ። 988 ቀንም ሌሊትም የሚያነሳ ስልክ ነው።

ለደጋፊዎቻችን ደግሞ ግልጽ እንሁን። ከእናንተ አንዳንዶቹ «የሰጠነው ገንዘብ ለጦር መሣሪያ ነው እንዴ?» ብላችኋል። አንድም ሽጉጥ፣ አንድም ጥይት አልተገዛበትም። የተገዛው በቁጥር ቁልፍ የሚከፈት የብረት ሣጥን ነው፤ 18 ሣጥን። በቨርጂኒያ ሕግ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ ከ14 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አደጋ በሚሆን ሁኔታ በቸልተኝነት መተው ወንጀል ነው። መሣሪያ ቤቷ ያለ ማንኛዋም አባል፣ የባሏም ይሁን የወንድሟ፣ ሣጥኑን በነጻ ትወስዳለች። ለምን እንደፈለገችው አንጠይቅም፣ ስሟንም አንጽፍም።

ያቺ እህታችን ትንሿን ሽጉጥ ሸጣለች። አሁን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከእኛ ጋር ትለማመዳለች፤ ገና አልገዛችም፣ መግዛቷንም አልወሰነችም። ሥራ ቦታዋ ላይ ግን ሌላ መላ ተገኝቷል፤ አራት እህቶች ሆነው አለቃቸውን አነጋግረው፣ ሌሊት ሒሳብ የሚዘጋው ሁለት ሰው ሆኖ ነው፤ መብራቱም ተሠርቷል። የለቅሶ ቤቱ ልጅ እናት ዛሬ እዚህ አለች። የመጀመሪያውን ሣጥን የወሰደችው እሷ ናት።

ሰባት ሣጥኖች ቀርተዋል። ከቡናው በኋላ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው።