ከአገር ቤት የሚደወል ስልክ

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር)



ጸሐፊያችን «ስለ ቴሌሜዲስንና ስለ ጤና መረጃ ቴክኖሎጂ አንድ ነገር ንገሪን» ስትለኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። በ1997 ዓ.ም. በጤና ኤክስቴንሽን ሰልጥኜ መንዝ ውስጥ በአንድ የገጠር ቀበሌ ሰባት ዓመት በእግሬ ስዞር ኖሬያለሁ፤ ነርስነት ተምሬ ጉለሌ የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ነገሩ የእኛው ሆኖ አገኘሁት። ከሽሮ ሜዳ የመጣችሁት የሸማኔ ቤተሰቦች ከዶርዜና ከጨንቻ ይደወልላችኋል። የሰላሌዋ ከሰላሌ፣ የጉራጌዋ ከጉራጌ፣ እኔም ከመንዝ ይደወልልኛል። «ልጁን አተኮሰው፣ ምን እናድርግ?» «እናታችን ራሷን ታማለች፣ ምን ይሻላል?» አገር ቤት ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚደወለው ለሐኪም ሳይሆን አዲስ አበባ ላለችው እህት ነው። ማንም ሳይሾመን የገጠሩ ቴሌሜዲስን እኛ ሆነናል ማለት ነው። እንግዲያው ሥራውን በደንብ እየሠራነው ነው ወይ?

እኔ በደንብ አልሠራሁትም። እሱን ልንገራችሁ።

ያለፈው ክረምት ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ወንድሜ ደወለ። ሚስቱ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች፣ ደም አየች አለኝ። ስልኩ የእሱ ነው፤ እሷ የራሷ የላትም። ኔትወርክ የሚገኘው ደግሞ ከቤቱ በላይ ካለችው ጉብታ ላይ ነው። እኔ ባለሙያ ነኝና ጥያቄ ጀመርኩ። ደሙ ምን ያህል ነው? ምጥ አለ? ሆዷን ይቆርጣታል? አንድ ጥያቄ በጠየቅሁ ቁጥር ወንድሜ በዝናብ ወደ ቤት ይወርዳል፣ እናታችንን ይጠይቃል፣ ተመልሶ ይወጣል፣ ይደውላል። እናታችን «ትንሽ ነው፣ አታስጨንቁብኝ» አለች። እንደገና ላክሁት፣ ስንት ጨርቅ እንደራሰ አይተህ ና ብዬ። መስመሩ ተቋረጠ። ተመልሶ ሲገኝ የስልኩ ባትሪ ሊያልቅ ነው። «ቶሎ ውሰዷት» ያልኩት መጀመሪያ ከደወለልኝ ከአንድ ሰዓት በላይ አልፎ ነው። የአምቡላንሱን ሾፌር ቁጥር የሚያውቅ ሰው እስኪገኝ ሌላ ጊዜ ሄደ። አምቡላንሱም ሌላ ወላድ ይዞ ሄዶ ነበር። በቃሬዛ ተሸክመው አወጧት። እሷ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም።

ከመውለድ በፊት ደም ከታየ ጥያቄ የለውም፤ መንገድ ነው። ይህን ሰባት ዓመት ሙሉ ለሌሎች ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ታዲያ ለምን ጠየቅሁ? ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ። ስልክ የያዘ ሰው እያወራ ሳለ የሆነ ነገር እየሠራ ያለ ይመስለዋል። ወንድሜ እስከ ዛሬ «አንቺ ባትኖሪ ኖሮ» እያለ ያመሰግነኛል። ከሁሉም የሚከብደኝ እሱ ነው።

እኛ በስልጠና ስለ ሦስቱ መዘግየቶች እንማራለን። የመጀመሪያው ቤት ውስጥ ነው፤ እንሂድ አንሂድ እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ። ሁለተኛው መንገድ ላይ ነው። ሦስተኛው ጤና ተቋም ደርሶ ባለሙያ፣ ደም ወይም መድኃኒት እስኪገኝ ያለው ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሀገራችን ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ልጆች አንጻር 412 እናቶች ይሞቱ ነበር። በጤና ተቋም የሚወልዱት ከ100 እናቶች 26 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 48 ደርሰዋል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያኔም ቤታቸው ነበር የሚወልዱት። ስለ ስልክና ስለ ታብሌት ስንሰማ ከእነዚህ መዘግየቶች የትኛውን ያሳጥራል ብለን እንጠይቅ። እኔ በዚህ ሚዛን ነው የማየው።

አንደኛው የቴክኖሎጂ ዓይነት ሐኪምን ከሐኪም የሚያገናኘው ነው። ዋናው ምሳሌያችን በ1999 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው ነው። የያኔው የህንድ ፕሬዚዳንት አብዱል ካላም ባነሱት ሐሳብ ህንድ አፍሪካን በሳተላይትና በፋይበር ለማገናኘት ስትነሳ፣ ሙከራው የተደረገው እዚሁ ኢትዮጵያ ነው። የነቀምቴ ሆስፒታል ከጥቁር አንበሳ ጋር፣ ጥቁር አንበሳ ደግሞ ሃይደራባድ ካለ ሆስፒታል ጋር ተያያዘ። ነቀምቴ ያለው ሐኪም በሽተኛውን 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ አዲስ አበባ ከመላክ በፊት ፎቶውንና የምርመራውን ውጤት ልኮ ስፔሻሊስት እንዲያማክር ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሦስተኛውን መዘግየት ያሳጥራል። ግን ነቀምቴ ሆስፒታል የደረሰች እናት ከባዱን ነገር ያለፈች ናት። ጉብታው ላይ ለቆመው ወንድሜ ይህ ምንም አይሠራለትም።

ሁለተኛው መረጃ የሚይዘው ነው። በእኔ ጊዜ ጤና ኬላ ውስጥ ለእያንዳንዱ ቤት የቤተሰብ ማህደር ነበረን። አንድ ቤት፣ አንድ ማህደር፤ ውስጡ የእናትና የልጆች ካርድ። ከመደርደሪያው አጠገብ ደግሞ ለየወሩ ክፍል ያለው ሳጥን አለ። አንዲት ነፍሰ ጡር ቀጣዩ ክትትሏ ጥር ላይ ከሆነ ካርዷ በጥር ክፍል ይቀመጣል። ጥር አልቆ ካርዷ እዚያው ከቀረ ቀጠሮዋን አልመጣችም ማለት ነው፤ ጫማዬን አጥልቄ ቤቷ እሄዳለሁ። ያቺን ሳጥን እወዳት ነበር፣ እውነቴን ነው። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ይህ ሁሉ ወደ ታብሌት መዛወር ጀመረ። ኔትወርክ በሌለበትም ይመዘገብበታል፣ ኔትወርክ ሲያገኝ ይልካል። የቀረችውን ሴት ራሱ ያስታውሳል። አሁንም በሥራ ላይ ያሉ ጓደኞቼ የሚነግሩኝ ችግር ቻርጅ ነው፤ ከዚያም ታብሌቱም ወረቀቱም ይሞላ ስለሚባል አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ መሥራት። ሆኖም በደንብ ከተያዘ ጥቅሙ ይታየኛል። የመውለጃ ቀኗ የተቃረበችን እናት ቀድሞ አውቆ ቤቷ መሄድ የመጀመሪያውን መዘግየት ከሥሩ ይነቅላል። የሚነቅለው ግን ታብሌቱ ሳይሆን ይዛው የምትሄደው ልጅ ናት። በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ይመደቡ የተባለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የሚያስተምረው ነው። በምዕራብ ወለጋ በ73 ጤና ተቋማት የተሞከረ አንድ የስልክ መተግበሪያ አለ፤ ለአዋላጆች ደም መፍሰስን እንዴት ማቆም፣ የማይተነፍስ ሕፃንን እንዴት ማንቃት እንደሚቻል በተንቀሳቃሽ ምስል ያሳያል። ከዴንማርክ የመጡ ሰዎች ናቸው ከእኛ ባለሙያዎች ጋር የሠሩት። ከአንድ ዓመት በኋላ የባለሙያዎቹ እውቀትም የእጅ ሥራም በግልጽ ከፍ ብሎ ተገኘ። የሕፃናቱ ሞት ግን ቀነሰ ብሎ በእርግጠኝነት ለመናገር የሚያስችል ልዩነት አልተገኘም። አጥኚዎቹ ይህን ሳይደብቁ መጻፋቸውን አከብራለሁ። እኔ ሳስበው፣ ያወቀች እጅ መድኃኒት ስታጣ፣ እናቲቱም ዘግይታ ስትደርስ ምን ታደርጋለች?

አራተኛው በቀጥታ እኛን የሚመለከተው ነው፤ አጭር ቁጥሮቹ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ሲገኝ አገሩ ሁሉ ይደውል የነበረው 8335 የማን ነው? እዚሁ ጉለሌ ያለው፣ እኛ ዛሬም ፓስተር የምንለው፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። የጤና ሚኒስቴር ደግሞ 952 አለው። በክፍያ ሐኪም የሚያናግር 8896ም አለ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። እነዚህን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ግን አገር ቤት ያለው ሰው ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው የወረዳውን አምቡላንስ ሾፌርና የጤና ኬላዋን ልጅ ቁጥር ነው። እነሱ በማንም ማስታወቂያ ላይ አይነገሩም፤ ሾፌሩም ሲቀየር ቁጥሩ ይቀየራል።

ስልኩ የማን ነው የሚለውም አለ። በዚያው በ2008ቱ ጥናት ስልክ የነበራት ሴት ከአራት አንዷ ያህል ናት። ስለዚህ የምትታመመዋ ሌላ፣ የሚያወራው ሌላ ነው። ባሏ ወይም አማቷ አጠገቧ ቆመው ስለ ማህፀኗ ምን ልትነግራችሁ ትችላለች? እኔ አሁን የምለው «ስልኩን ለእሷ ስጧትና እናንተ ውጡ» ነው። ወንዶቹ መጀመሪያ ይቆጣሉ፤ ይለምዱታል።

ሁለተኛውን መዘግየት፣ መንገዱን፣ ከእነዚህ ውስጥ የሚያሳጥር አላገኘሁም። እኔ የማውቀው መድኃኒቱ የእናቶች ማቆያ ነው። ጉራጌ ውስጥ በአጣጥ ሆስፒታል በ1968 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረ ነገር ነው። የሚያሰጋት እናት ቀኗ ሳይደርስ መጥታ ሆስፒታሉ አጠገብ ትቆያለች፣ ምጥ ሲመጣ መንገዱን ቀድማ ጨርሳዋለች። ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች አለ፤ ሴቶቹ ተሰብስበው ቡና ያፈላሉ፣ ገንፎ ያገነፋሉ። ኔትወርክም ባትሪም አይፈልግም። የወንድሜ ሚስት ቤቷ አጠገብ ካለው ጤና ጣቢያ ማቆያ ነበረ። አልገባችም፤ ከብቱን ማን ይጠብቃል፣ ልጆቹን ማን ያበላል ብላ። እኔም በየሳምንቱ ስደውል ስለ ዝናቡና ስለ እህሉ እንጂ ይህን አንድም ቀን አላነሳሁም። ስልኩ የሚጠቅመው ያኔ ነበር፤ በሰላሙ ቀን፣ በቀን ብርሃን።

እንግዲህ ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ ነው የቆምኩት።

አንደኛው ይህች ካርቶን ናት። ለእያንዳንዳችሁ አዘጋጅቻለሁ። በላይዋ ላይ ሳይጠየቅ የሚኬድባቸው ምልክቶች አሉ። ከመውለድ በፊት ደም፤ ብዥ ከሚል ዓይን ጋር ከባድ ራስ ምታት፤ የፊትና የእጅ እብጠት፤ መንቀጥቀጥ፤ ኃይለኛ ትኩሳት፤ ምጥ ሳይመጣ የእንሽርት ውሃ መፍሰስ፤ የልጁ እንቅስቃሴ ማቆም። ከወለደች በኋላ ደግሞ እንግዴ ልጁ በግማሽ ሰዓት ካልወጣ፣ ወይም ደሙ ጨርቅ እያራሰ ካላቆመ። ከእነዚህ አንዱን ከሰማችሁ «ተነሱ» በሉ፤ ሌላውን ጥያቄ መንገድ ላይ ሆነው ይመልሱላችኋል። ከታች ባዶ መስመር አለ፤ የአምቡላንሱ ሾፌር፣ የጤና ኬላዋ ልጅ፣ በቀበሌው መኪና ወይም ባጃጅ ያለው ሰው። ነገ እሁድ ነው፤ ደውላችሁ ሙሉት። ለእነሱም አስጽፏቸው፤ ስልኩ ውስጥ ብቻ ከሆነ ባትሪው ሲያልቅ ቁጥሩም አብሮ ያልቃል። አገር ቤት ነፍሰ ጡር ያለቻችሁ ማቆያ መኖሩን ጠይቁ፤ ከብቱን ማን እንደሚጠብቅም አብራችሁ ጨርሱ።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው፤ እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ እንደማትስማሙ አውቃለሁ። ደንባችን ብድር የሚፈቀደው በስብሰባ ቀን በሦስት ሰው ፊርማ ነው ይላል። ለንግድ ብድር ትክክል ነው፤ አንነካውም። ነገር ግን ምጥ የእኛን ስብሰባ አይጠብቅም። በመንግሥት ተቋም ማዋለድ በነፃ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቀው መኪናው ነው፣ የአስታማሚዋ ምግብ ነው፣ መመለሻው ነው። ያን ሌሊት ወንድሜ ጎረቤት እያንኳኳ ገንዘብ ሲለምን ነበር። እኔ እዚህ ቁጠባ አለኝ፤ ሳጥኑ ግን እስከ ስብሰባው ቀን ዝግ ነው። የምጠይቀው ከድንገተኛው ሳጥን እስከ 3,000 ብር ድረስ ሊቀመንበሯና ገንዘብ ያዧ በስልክ ተስማምተው በዚያው ሌሊት በቴሌብር እንዲልኩ ነው። ተበዳሪዋ አባሏ ናት፤ በሦስት ወር ትመልሳለች፤ ወለድ አይኑረው። አንዲት አባል አታላ ብትወስድስ የሚል ጥያቄ ከወዲያ በኩል ሲንሾካሾክ ሰምቻለሁ። ትችላለች። 3,000 ብር ልናጣ እንችላለን፤ ለዚህም ከሊቀመንበሯ ጋር ተነጋግረን ከሳጥኑ ከ9,000 ብር በላይ በአንድ ጊዜ እንዳይወጣ ብለን ጽፈናል።

ካርቶኖቹን እያዞርኩ ነው። እስክሪብቶ የሌላት ከእኔ ትውሰድ። ማንበብ ለማትችሉት ምልክቶቹን በሥዕል ያደረግሁበት ሌላ አለ፤ ሥዕሌ አያምርም፣ ታገሱኝ። ከዚያ በኋላ ሊቀመንበራችን የሳጥኑን ጉዳይ በእጅ ድምፅ ታስቆጥራለች።