እንጎንድለው ወይስ እንንቀለው? ስለ አሮጌ ኮምፒውተሮቻችን
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

 

አዘጋጆቹ «ከሙያህ የሚጠቅመንን ንገረን» ስላሉኝ በቀጥታ ወደ ሥራዬ እገባለሁ። ከተመረቅኩ ጀምሮ መቱ ላይ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ከጎሬም፣ ከሁሩሙም፣ ከያዮም፣ ከበደሌም ማሽኑን በማዳበሪያ ጠቅልሎ የሚመጣ ሰው አለ። ብልሽቱ ይለያያል፤ የመጨረሻው ጥያቄ ግን ሁሌም አንድ ነው፦ «ይሄን ላሳድሰው ወይስ ሌላ ልግዛ?» ዘንድሮ ጥያቄው ወደ ማኅበራችንም መጥቷል። ለተማሪዎች ኮምፒውተር ላብ መዋጮ ልናሰባስብ ነው። አንዳንዶቻችን «አዳዲስ እንግዛ» እንላለን፤ አንዳንዶቻችን «ያለውን እናድስ» እንላለን። ገንዘቡ ከመሰብሰቡ በፊት ብንነጋገርበት ይሻላል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና።

ኢሉባቦር ያደገ ሰው ይህን ጥያቄ ከኮምፒውተር በፊት በቡና ያውቀዋል። ከበደሌ ግቢ የወጣችሁ የግብርና ሰዎች ብሳሳት ታርሙኛላችሁ። ምርቱ የቀነሰ አሮጌ ቡና ሲያጋጥም ብልህ ገበሬ ወዲያው አይነቅለውም። ሥሩ ጤነኛ ከሆነ ይጎነድለዋል፤ ከጉቶው አዲስ ቅርንጫፍ አውጥቶ እንደገና ያፈራል። ቡናን የሚያደርቀው በሽታ የገባበት ዛፍ ከሆነ ግን ጉንደላ ከንቱ ድካም ነው፤ ነቅሎ ማቃጠል እንጂ ሌላ መላ የለውም። ስለዚህ ገበሬው የሚጠይቀው «ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ ሳይሆን «ሥሩ እንዴት ነው?» ብሎ ነው። እኔም ዛሬ የምለው ይሄንኑ ነው። የኮምፒውተር ሥሩ ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ ነው። ሀርድ ዲስኩ፣ ራሙ፣ ባትሪው፣ ፋኑ ቅርንጫፍ ናቸው።

መጀመሪያ ምርመራ። «ኮምፒውተሬ አርጅቶ ተንቀራፈፈ» የሚል ሰው ሲመጣ ታስክ ማናጀርን እከፍታለሁ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ ይከፈታል፤ እናንተም ቤታችሁ ሞክሩት። የተለመደ ሥራችሁን እየሠራችሁ ሦስት ነገር ተመልከቱ። ዲስኩ ለረጅም ጊዜ 100 ፐርሰንት ላይ ቆሞ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ከሆነ፣ ችግሩ ሀርድ ዲስኩ ነው። ሜሞሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ከሆነ ራም ያንሳል። እነዚህ ሁለቱ ደህና ሆነው ፕሮሰሰሩ ብቻውን የሚያቃስት ከሆነ፣ ያኔ ስለ መቀየር ማሰብ ይጀመራል። እኔ ጋ ከሚመጡት አብዛኞቹ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ናቸው።

በሀርድ ዲስክ ምትክ ኤስኤስዲ መግጠም ከጉንደላ ሁሉ የሚበልጠው ነው። የድሮው ሀርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሳህንና የሚንቀሳቀስ ክንድ አለው። ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲያነብ በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ይሰጣል፤ ተራው ኤስኤስዲ ደግሞ ወደ 500 ይጠጋል። ዊንዶውስ ሲነሳ እንደሚሆነው ብዙ ትንንሽ ፋይል ከየቦታው መልቀም ሲመጣ ልዩነቱ ከዚህም እጅግ ይሰፋል፤ ክንዱ ወዲያ ወዲህ መሮጥ የለበትማ። ቡና ተፈልቶ እስኪወርድ ይጠበቅ የነበረ ማሽን ስኒው ሳይቀርብ ይነሳል።

ራም ላይ ግን ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 አይለዋወጡም፤ መግጠሚያቸው ይለያያል። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀን እየኖርን የማይገጥም ራም አስልኮ መመለስ ከባድ ነው፤ ከማዘዛችሁ በፊት ከፍታችሁ እዩ። ሁለተኛ፣ የተጫነው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ ራም መጨመር ጥቅም የለውም፤ ትርፉን አያየውም። መጀመሪያ ባለ 64 ቢቱን መጫን ያስፈልጋል።

ከግዢም ከጉንደላም በፊት ደግሞ ጽዳት አለ። አካባቢያችን ዝናቡ ብዙ ነው፤ እርጥበቱ የራሙን ጥርስ ያበላሸዋል። «ሞተ» የተባለ ኮምፒውተር ራሙ ተነቅሎ በእርሳስ ላጲስ ሲታሽ የሚነሳበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ፋኑ በአቧራ ታፍኖ፣ የፕሮሰሰሩ ፔስት ደርቆ በሙቀት የሚንቀራፈፍም አለ። ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ፣ ኢንተርኔት ሲከፈት «ገጹ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማሽንም አለ። እሱ ቫይረስ አይደለም፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አልቃ ነው። ቀኑ ወደ ኋላ ሲመለስ ብራውዘሩ የድረ ገጾቹን ማረጋገጫ ጊዜው ገና ያልደረሰ አድርጎ ያየዋል። በዚህች ባትሪ ምክንያት ብቻ ሰው አዲስ ኮምፒውተር ሊገዛ አይገባም።

አሁን ወደ ሥሩ እንምጣ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የሚቀበለው ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ያለውን፣ ከኢንቴል በኩል በጥቅሉ ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያለውን ፕሮሰሰር ነው። ጄኔሬሽኑን ማወቅ ቀላል ነው። ኮር አይ ፋይቭ 6500 የሚል ከሆነ የመጀመሪያው አሃዝ ስድስተኛ መሆኑን ይነግራል፤ 8250 ከሆነ ስምንተኛ ነው። ከስምንተኛ በታች ያለውን አስገድዶ መጫን ይቻላል፤ ብዙዎቻችሁም አይታችሁታል። ነገር ግን ማይክሮሶፍት በእንደዚያ ያለ ማሽን ላይ ዝማኔ እንደሚደርስ ዋስትና አይሰጥም።

«ዝማኔ ቢቀርስ ምን ይሆናል?» ለሚል፣ ግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በብዙ አገር ሲዛመት የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሳይቀር ቀጠሮ አሰርዟል። መከላከያው ዝማኔ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ የተጎዳው ያልጫነው ነው። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት አገር ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ታዲያ ስድስተኛና ሰባተኛ ጄኔሬሽን ሁሉ ይነቀል ማለት ነው? አይደለም። ሦስት መንገድ አለ። ለትምህርት ተቋማት ማይክሮሶፍት የተራዘመ የደኅንነት ዝማኔ ለአንድ ማሽን በመጀመሪያው ዓመት በ1 ዶላር፣ በሁለተኛው በ2፣ በሦስተኛው በ4 ዶላር አቅርቧል፤ ፈቃዱ ሕጋዊ ለሆነ ተቋም ይህ ጊዜ መግዣ ነው። ሁለተኛው ሊኑክስ ነው። ጽሑፍ ለመጻፍ፣ ኢንተርኔት ለማየት፣ ፕሮግራሚንግ ለመማር ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ ይበቃል፤ ክፍያ የለውም፣ ፊደላችንንም ያለ ችግር ያሳያል። ሦስተኛው፣ ማሽኑን ኢንተርኔት ለማይፈልግ ሥራ መመደብ ነው።

ይህ ሦስተኛው መንገድ ለቢሮዎቻችን በጣም ያስፈልጋል። አሮጌ ኮምፒውተር ሲጣል አብሮ የሚጣል ነገር አለ። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በቆዩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ደብዳቤዎች፣ ቃለ ጉባኤዎችና የተማሪ መዝገቦች ፎንቱ በሌለበት አዲስ ማሽን ላይ ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናሉ። በድሮ የፒችትሪ ቅጂ የተያዘ የሂሳብ መዝገብም እንደዚያው ነው። ሂሳብ ሠራተኛው «ይቺን ማሽን አትንኩብኝ» ሲል ግትር ስለሆነ አይደለም፤ የስንት ዓመት ሰነድ የሚነበበው በእሷ ብቻ ስለሆነ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሰነዱ ይገልበጥ፣ ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ፣ ይታተም፤ ከዚያ ስለ ማሽኑ እንነጋገራለን።

ከኮምፒውተሩ ሳጥን ውጭ ያለ ነገርም አለ፤ መብራት። ሶር ወንዝ ላይ ኃይል ማመንጫ ያለን ሰዎች ብንሆንም መብራት ሲሄድና ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ፓወር ሰፕላይና ማዘርቦርድ የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ ሲሄድ ሳይሆን ተመልሶ ሲመጣ ነው። አዲስ ዴስክቶፕ ገዝቶ በቀጥታ ግድግዳ ላይ መሰካት፣ ሥሩ ጤነኛ የሆነውን ቡና ራስ በሽታ እንደማስያዝ ነው። ለዚህም ነው ለግለሰብ «ከአዲስ ዴስክቶፕ ይልቅ ደህና ያገለገለ ላፕቶፕ ግዛ» የምለው፤ ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ ነውና።

ለላባችን ደግሞ ይህ የፍጥነት ጉዳይ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተናውን የሚወስደው በኮምፒውተር ነው። አራት ወይም አምስት ዓመት የተማረ ልጅ ውጤቱ የሚወሰነው በአንድ ወንበር ላይ፣ በአንድ ስክሪን ፊት ነው። ጄኔሬተር እስኪነሳ ባሉት ሰከንዶች ስክሪኑ ቢጠፋበት ምን እንደሚሰማው አስቡት። ፈተናው ከማሽኑ የሚፈልገው ትንሽ ነው፤ ብራውዘር ከፍቶ ሳይጠፋ መቆየት። ይህን ስድስተኛ ጄኔሬሽን ኤስኤስዲ ተገጥሞለት፣ ከዩፒኤስ ጋር በሚገባ ይወጣዋል። ዩፒኤስ የሌለው የዘንድሮ ምርት ግን አይወጣውም።

ዋጋውንም እንይ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ኮምፒውተር ደግሞ ከነዕቃው ከውጭ የሚመጣ ነው። ስለዚህ እኔ ለደንበኞቼ የምሰጠው ሚዛን ይሄ ነው፦ የማደሻው ወጪ በሙሉ ተደምሮ፣ ደህና ያገለገለ ባለ ስምንተኛ ጄኔሬሽን ማሽን ከሚያወጣው ግማሽ ካለፈ፣ አትጎንድል፤ ንቀል። ማዘርቦርዱ አንድ ጊዜ ተጠግኖ እንደገና የተቃጠለ ከሆነም ንቀል። ላፕቶፕ ስክሪኑ፣ ማጠፊያውና ባትሪው አንድ ላይ ከሄዱም እንደዚያው። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ጉንደላ ይገባዋል።

የተነቀለው የት ይሂድ? ጓሮ መጣል አይገባም፤ በሰርኪዩት ቦርዱ ላይ ያለው እርሳስ አፈርና ውሃ ይበክላል። ስለ ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝ የወጣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብም አለ፤ ቁጥር 425/2010። ከመወገዱ በፊት ግን ራሙ፣ ፓወር ሰፕላዩና ፋኑ ይፈቱ፤ አንድ የሞተ ማሽን ተመሳሳይ ሞዴል ያላቸውን ሦስት ያድናል። ጤነኛ ሀርድ ዲስኩ ኬዝ ውስጥ ገብቶ የሰነድ መጠባበቂያ ይሁን። ለሌላ ሰው የሚሰጥ ከሆነም በውስጡ ያለው መረጃ በደንብ ይጥፋ፤ ፋይል ዲሊት ማድረግ ብቻ አያጠፋውም።

እንግዲህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። መጀመሪያ ቆጠራ፤ እያንዳንዱ ማሽን ጄኔሬሽኑ፣ የራሙ ዓይነትና ብልሽቱ ይመዝገብ፤ የኮምፒውተር ትምህርት ተማሪዎች እንደ ተግባር ልምምድ ሊሠሩት ይችላሉ። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ብር ለዩፒኤስና ለስታብላይዘር ይዋል። ሦስተኛ፣ ሥራቸው ጤነኛ ለሆኑት ሳይሆን ሥራቸውም ሥራቸውም ብዬ እንዳላምታታችሁ፣ ማዘርቦርዳቸው ጤነኛ ለሆኑት ኤስኤስዲና ራም ይገዛ። አራተኛ፣ በቀረው ገንዘብ መነቀል ያለባቸው ይተኩ፤ ሲተኩም ሁሉም አንድ ሞዴል ይሁኑ። አምስተኛ፣ ከመዋጮው ጥቂት ተቀንሶ ለየዓመቱ ጥገና ይቀመጥ።

አምስተኛውን አደራ እላለሁ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን ፕላዝማ ብዙዎቻችን እናስታውሰዋለን። ሲመጣ ተጨብጭቧል፤ ሲበላሽ የሚጠግነውና መለዋወጫው ጠፍቶ በብዙ ቦታ ባዶ ሳጥን ሆኖ ቀርቷል። አዲስ ዕቃ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ እንነሳለን። ራም ሲጨመር ሪባን አይቆረጥም። እኛ ግን የተሰባሰብነው ለፎቶ አይደለም፤ በፈተናው ቀን ታናናሾቻችን ፊት ያለው ስክሪን እንዳይጠፋ ነው።

ቆጠራው ሲጀመር እኔ መፍቻዬን ይዤ እመጣለሁ። መቱ ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼም እንደማትቀሩ አውቃለሁ።