በዝግ ቤት ስለ መኖር ለመምህራንና ለሽማግሌዎች የተነገረ ቃል



ሰው በቤቱ ሲኖር ጉድፉን ወደ ደጅ ይጥላል፤ ውኃውን ከምንጭ ያስቀዳል፤ ትንፋሹን ግን የሚቆጥር የለም። ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሚዞረው የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ግን የሚጣልበት ደጅ፥ የሚቀዳበትም ምንጭ የለም። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ሰው ያልተለየው ይህ ቤት፥ የነዋሪዎቹን ላብና ሽንት ሳይቀር አጥርቶ መልሶ ያጠጣቸዋል።

እንዲህ ያለውን ኑሮ በምድር ላይ ሆነው የሞከሩ ተማሪዎች አሉ። በቻይና አገር በቤይጂንግ ከተማ፥ የቤይሃንግ ዩኒቨርሲቲ 8 ተማሪዎች ከግንቦት 2 ቀን 2009 እስከ ግንቦት 7 ቀን 2010 ዓ.ም. ድረስ፥ አራት አራት ሆነው እየተፈራረቁ፥ «የጨረቃ ቤተ መንግሥት» በተባለ ዝግ ቤት 370 ቀን ተቀመጡ። የፊተኞቹ 60 ቀን፥ ሁለተኞቹ 200 ቀን፥ ደግሞም የፊተኞቹ ተመልሰው 110 ቀን ኖሩ።

በዚያም ስንዴና አታክልት ዘሩ። ተክሉ ትንፋሻቸውን ተቀብሎ ንጹሕ አየር ሰጣቸው፤ የተጠቀሙበት ውኃ ተጣርቶ ተመለሰላቸው፤ ገለባውና ጉድፉም ተብላልቶ ለተክሉ ጠቀመ። ሊወጡ በተቃረቡ ጊዜ ደግሞ፥ ልባቸው እንዴት እንደሚሆን ለመመርመር 5 ቀን ተጨመረባቸው፤ እነርሱም ታግሠው ፈጸሙ። እንዲህ ባለ ቤት አንዱ ሥራውን ቢያጓድል አራቱም ይጎዳሉና፥ ትዕግሥትና መተሳሰብ ከዕውቀት ያላነሰ ስንቅ ነው።

ይህ ነገር ለሐዋሳ ምን ይጠቅማታል የሚል ሰው ቢኖር ሐይቁን ይመልከት። የጥቁር ውኃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ከሐይቁ ወጥቶ በምድር ላይ የሚፈስ ወንዝ ግን የለም። ውኃው በፀሐይ ኃይል ይተናል፤ ጨውና ጉድፍ ግን አብረው አይተኑም። ስለዚህ ጎርፍ ከከተማና ከእርሻ አጥቦ ከሚያመጣው ብዙው በዚያው ይከማቻል፤ ከፊሉም ከዓሣው ጋር ወደ ማዕድ ሊመለስ ይችላል። እንግዲህ ሐይቁም እንደዚያ ቤት ነው፤ የጣሉበትን አርቆ የሚወስድለት የለውም።

መምህር ሆይ፤ ይህን ለማስተማር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በሰፊ ብርሌ ውስጥ እርጥብ አፈርና ትንሽ ተክል አኑሮ አፉን መክደን ይበቃል፤ ውኃው ተንኖ በብርሌው ላይ ጤዛ ሲሆን፥ ተመልሶም ሲወርድ ልጆቹ በዓይናቸው ያያሉ። ከዚያም አራት አራት ሆነው፥ አንዱ ውኃ እየሰፈረ፥ አንዱ እየጻፈ፥ ሁለቱ ተክል እየጠበቁ፥ አንድ ቀን በተሰፈረላቸው ውኃ ብቻ ይሥሩ። ነገር ግን ጨዋታው በተከፈተ ክፍል ይሁን፤ የሚጠጡትም ውኃ አይከልከል።

ሽማግሌዎችም በበጋ ውኃ በተራ እንዴት ይቀዳ እንደ ነበረ ለልጆቹ ይንገሩ። አዲስ የሚመስለው ትምህርት የአባቶች ሥርዓት ዘመድ መሆኑን ያወቀ ልጅ፥ በሐይቁ ላይ ጉድፍ ለመጣል እጁን አያነሣም።