የአየር ክዳን ሴንሰርና የሞተር ኮምፒውተር፦ ከመቀየር በፊት ስለ መለካት

(ለማኅበሩ አባላት ከቀረበ ንግግር)



እንደሚታወቀው የቤንዚን ሞተር ጉልበት የሚወሰነው ወደ ሲሊንደሮቹ በሚገባው አየር መጠን ነው። ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ የሚከፍተው ነዳጁን ሳይሆን የአየሩን ክዳን ነው፤ ለገባው አየር ተመጣጣኝ ነዳጅ መስጠት ቀድሞ የካርቡራተር፣ ዛሬ ግን የኮምፒውተር ተግባር ነው። የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1967 ዲ-ጄትሮኒክ የተባለውን የኤሌክትሮኒክ ነዳጅ መርጫ በቮልክስዋገን 1600 ላይ ካዋለ ወዲህ ሥራው ቀስ በቀስ ከካርቡራተር እጅ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ብሩስ ባውሊንግና አል ግሪፖ ሜጋስኩዊርት የተሰኘውን፣ ባለቤቱ ራሱ ሊገጣጥመው የሚችለውን ኮምፒውተር በማቅረባቸው፣ አሮጌ ሞተርን ወደ አዲሱ ሥርዓት ማሻገር ለአነስተኛ ጋራዥ እንኳ የሚቻል ሆነ።

ይሁን እንጂ ከፋብሪካው ጋር ያልመጣ ኮምፒውተር ሽቦውን የሚዘረጋለትም፣ ልኩን የሚያስተምረውም ገጣሚው ነው። ስለሆነም ስሕተቱ የሚፈለገው በዕቃው ብቻ ሳይሆን በገጣሚው ሥራም ውስጥ ነው።

የክዳኑን ቦታ የሚናገረው ሴንሰር በመሠረቱ ተለዋዋጭ ሬዚስተር ነው። ሦስት ሽቦዎች አሉት፤ አንደኛው 5 ቮልት ያመጣል፤ ሁለተኛው ወደ ኮምፒውተሩ ኔጌቲቭ ይመለሳል፤ ሦስተኛው ከክዳኑ ዘንግ ጋር ከሚንሸራተተው ጣት የሚነሣ የምልክት ሽቦ ነው። ክዳኑ ሲዘጋ ምልክቱ በአብዛኛው ወደ ግማሽ ቮልት፣ ወለል ብሎ ሲከፈት ወደ 4 ቮልት ተኩል ይጠጋል። ኮምፒውተሩ እነዚህን ሁለት ጫፎች ከመቶ ዜሮና ከመቶ መቶ ብሎ ይመዘግባል።

ለአብነት ያህል የሚከተለው ሁኔታ ይታይ። አንድ ሞተር ከካርቡራተር ወደ ኮምፒውተር ተዛውሮ ወራት ያህል በደኅና ከሠራ በኋላ አንዳንድ ጧት አልነሣ ይላል። ሞተሪኖው በኃይል ያዞረዋል፤ ሞተሩ ግን ምላሽ የለውም። ባትሪው ይለወጣል፤ ካንዴላዎቹ ይለወጣሉ፤ የነዳጁ ፓምፕ ይለወጣል። በመጨረሻም ጥፋቱ ሁሉ በኮምፒውተሩ ላይ ይላከካል፤ ባለ መኪናውም ለሌላ ከፍተኛ ወጪ ይዘጋጃል።

እውነቱ ግን ከወለቁት ካንዴላዎች ላይ ይነበብ ነበር። ሁሉም ደረቅ ነበሩ። ፓምፑ እየሠራ ካንዴላው ደረቅ ከሆነ፣ ነዳጁ አልጠፋም፤ አትስጥ ተብሎ ተከልክሏል ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ኮምፒውተሮች በቤንዚን የታነቀ ሞተር እንዲጸዳ፣ ሞተሪኖው በሚያዞርበት ጊዜ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ከተረገጠ ነዳጁን ይቆርጣሉ። በዚህ መኪና ላይ ደግሞ የሴንሰሩ ኔጌቲቭ ሽቦ በላስቲኩ ውስጥ ተበጥሶ አንዳንዴ ይነካካል፣ አንዳንዴ ይለያያል። ሲለያይ የምልክቱ ሽቦ መመለሻ አጥቶ ወደ 5 ቮልት ይወጣል። ማንም ፔዳሉን ሳይነካ ኮምፒውተሩ ክዳኑ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ያምናል፤ የታዘዘውንም ይፈጽማል። በሌላ አነጋገር፣ ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም፤ የተነገረው ሐሰት ነበር።

ስለዚህ የምርመራው ቅደም ተከተል የሚከተለው ሊሆን ይገባዋል። በመጀመሪያ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ቁልፉ ተከፍቶ፣ በሁለቱ የጫፍ ሽቦዎች መካከል 5 ቮልት መኖሩ ይረጋገጣል። ቀጥሎ ሴንሰሩ ለብቻው በኦም ይለካል፤ በጫፎቹ መካከል ያለው ልክ ጸንቶ መቆየት፣ በጣቱና በአንዱ ጫፍ መካከል ያለው ደግሞ ክዳኑ ቀስ ብሎ ሲከፈት ሳይዘል መጓዝ አለበት። ለዚህ ተግባር ባለ መርፌው አሮጌ ቴስተር ከባለ አኃዙ ይልቅ ይመረጣል፤ መርፌው ሲንቀጠቀጥ የተበላውን ቦታ ለዐይን ያሳያልና። በሦስተኛ ደረጃ ሶኬቱ ተመልሶ ምልክቱ በሴንሰሩም በኮምፒውተሩም በኩል ይለካል፤ በመካከላቸው ልዩነት ከታየ ጥፋቱ በሽቦው ላይ ነው። ልኬቱም ሽቦው እየተነቀነቀ፣ እንዲሁም ሞተሪኖው እያዞረ ሊደገም ይገባል።

ዜሮውንና መቶውን ለኮምፒውተሩ ማስተማር የመጨረሻው ደረጃ ነው። ብዙዎች ከዚህ ይጀምራሉ፤ ያልተስተካከለውን ልክ እንደ ትክክለኛ አስመዝግበው ጥፋቱን ይሸፍኑታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንዲሉ፣ የተሸፈነው ጥፋት በማግሥቱ መንገድ ላይ ይመለሳል።

ከገጣሚ ስሕተቶች ሁለቱ በተለይ ሊጠቀሱ ይገባል። አንደኛው የሴንሰሩን ኔጌቲቭ ከኮምፒውተሩ ይልቅ ከሞተሩ አካል ጋር ማሰር ነው። ሞተሪኖው ከባድ ኮረንቲ በሚስብበት ጊዜ በሞተሩ አካልና በኮምፒውተሩ ኔጌቲቭ መካከል የግማሽ ቮልት ልዩነት ቢፈጠር፣ ክዳኑ ተዘግቶ ሳለ ከመቶ 10 በላይ የተከፈተ መስሎ ይታያል። ሁለተኛው የምልክቱንና የ5 ቮልቱን ሽቦ ማለዋወጥ ነው፤ ያን ጊዜ ጣቱ ወደ ኔጌቲቩ ጫፍ ሲጠጋ 5 ቮልቱ ከሞላ ጎደል በቀጥታ ከኔጌቲቭ ጋር ይገናኛል፤ ሴንሰሩም ሊቃጠል ይችላል።

በመጨረሻም ለአገራችን ባለሙያ አንድ ማሳሰቢያ ይጨመራል። አንዳንድ ገጣሚዎች የነዳጁን መጠን ከክዳኑ ቦታና ከሞተሩ ዙር ብቻ እንዲሰላ ያደርጋሉ። የአዲስ አበባ አየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በከተማው የተስተካከለ ሞተር ወደ አዋሽ ሸለቆ ሲወርድ በዚያው የክዳን ቦታ የበለጠ አየር ይገባዋል፤ የአየር ግፊት ማረሚያ ከሌለውም ነዳጅ ያንሰዋል። ያን ጊዜ ደኅናው ሴንሰር ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል።

ባለ መኪናው በጋራዡ ደጃፍ የሚከፍለው ለዕቃ ብቻ ሳይሆን ለፍርድም ነው። ፍርዱ ከልኬት በፊት ከመጣ ገንዘቡም አመኔታውም ይባክናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጋራዥ የልኬት ደብተር ይኑረው፤ ወጣቱ ቴክኒሽያንም መፍቻውን ከማንሣቱ በፊት ያነበበውን ቮልት በዚያ ላይ መጻፍን ይልመድ።