አዋጁ ደጃችን ሲደርስ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ «መንግሥት ወረርሽኝን እንዴት ያስተባብራል?» የሚል ነው። እኔ ሐኪምም ባለሥልጣንም አይደለሁም፤ የእናንተው ገንዘብ ያዥ ነኝ። ስለዚህ ከላይ የወጣ ትእዛዝ እታች ሲደርስ ያየሁትን እነግራችኋለሁ።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። 8335 የሁላችንም ስልክ ሆነ። ሚሊኒየም አዳራሽ ወደ ሕክምና ማዕከልነት ተለወጠ። ከአረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችን በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተለይተው ቆዩ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ይህን ሁሉ በጥቂት ሳምንት ማንቀሳቀስ ቀላል አልነበረም።

ከአዋጁ እኛ ሰፈር ቀድሞ የደረሰው ክልከላው ነው፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ አይቻልም ተባለ። እኛም ስብሰባ አቆምን፣ የቁጠባ ሳጥኑን ቆለፍን።

ከአባሎቻችን አንዷ ለሆቴሎች እንጀራ ታቀርብ ነበር። ሆቴሎቹ ትእዛዝ ሲያቆሙ የሁለት ወር ኪራይ አደረባት። የራሷን ቁጠባ ልትወስድ ወደ እኔ መጣች። እኔ ግን «ስብሰባ ሳይኖር፣ ሦስት ፊርማ ሳይሟላ አይወጣም፤ ትንሽ ታገሺ» አልኳት። አከራይዋ አልታገሷትም። ሁለት ልጆቿን ይዛ እህቷ ቤት ተጠጋች።

ከሳምንታት በኋላ የአንዲት አባላችን ልጅ የአዋጁን ማስፈጸሚያ ደንብ አነበበልን። ለካ ያው ደንብ ተከራይን ማስወጣትንም ሆነ ኪራይ መጨመርን ከልክሎ ኖሯል! ክልከላውን ሁላችንም ሰምተናል፤ ከለላውን ግን የነገረን አልነበረም፣ እኛም አልጠየቅንም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን አስቡ። ፕሮግራሙ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ እያንዳንዱ ቀበሌ ውስጥ ሴቶችን አሰማርቷል። ወረርሽኙ ሲመጣ ቤት ለቤት እየዞሩ ትኩሳት ያለበትን፣ ከመንገድ የመጣውን ጠየቁ። የትኛው ቤት አዛውንት እንዳሉ አስቀድመው ስለሚያውቁ ፈላጊ አላስፈለጋቸውም። እንዲህ ያለው መተዋወቅ በክፉ ቀን አይሠራም፤ በደህና ቀን ተሠርቶ ይቆያል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ መተዳደሪያ ደንባችን ይሻሻል፤ በአስቸኳይ ጊዜ ፊርማ ቤት ለቤት ተሰብስቦ አባል ቁጠባዋን ታውጣ። ሁለተኛ፣ አባላት በአራት በአራት ተቧድነን በስልክ እንገናኝ፤ አንዲት እህታችንም የሚወጣውን ደንብ ሁሉ እያነበበች ለቡድኖቹ ታድርስ፣ ክልከላውን ብቻ ሳይሆን መብታችንንም ጭምር። ሦስተኛ፣ ደጋፊዎቻችን፣ ስለ ሳሙናውና ስለ ጭምብሉ እግዜር ይስጥልን፤ አሁን የምንጠይቃችሁ ለኪራይና ለቀለብ የሚሆን የመጠባበቂያ ገንዘብ መነሻ ነው።

ያች እህታችን ዛሬ እዚህ ተቀምጣለች፤ ምጣዷንም መልሳ ጥዳለች። ለብቻችን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ዛሬ ደግሞ በእናንተ ፊት እጠይቃታለሁ።